ግንባር ዳር የሚደረደር ብጉር፦ ፊታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ፀጉራችሁን እዩ

ከ10 ዓመት በላይ የውበት ሳሎን ውስጥ የሰው ፊት ሳጥብ ነው የኖርኩት። ሐኪም አይደለሁም። ግን አንድ ዓይነት ጥፋት መቶ ጊዜ ሲመጣባችሁ፣ ሰውየው ገና በር ላይ ሳለ ታውቁታላችሁ። ብጉር ማፍረጥ እንደማይገባ፣ አዲስ ነገር ፊት ላይ ከመቀባት በፊት ክንድ ላይ ሞክሮ አንድ ሁለት ቀን መጠበቅ እንደሚሻል ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው።

ምልክት፦ ስትታጠቡ ፊታችሁ ይወጠራል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ደግሞ ወዙ ያብረቀርቃል

ሳሙናው ነው። ጠንካራ ሳሙና ላዩን ያደርቀዋል እንጂ ከሥር ወዝ የሚያመነጨውን ዕጢ አይነካውም። የልብስ ሳሙና ለልብስ ነው። በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቡ፣ ከዚያ ስስ አድርጋችሁ እሬት ቀቡ። ወዛም ፊትም እርጥበት ይፈልጋል።

ምልክት፦ ከፀጉር መነሻ ሥር፣ ግንባር ላይና በጆሮ በኩል የተደረደሩ ጥቃቅን እብጠቶች

ይሄ ነው ዋናው። እብጠቶቹ የቆዳ ቀለም ያላቸው፣ ሁሉም እኩል ናቸው። አያሳክኩም፣ ብዙም አያምሙም። በጣት ስትዳስሱት ጨርቅ ሥር ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ጉንጭና አገጭ ግን ንጹሕ ነው።

ምክንያቱ ፀጉር ላይ የተቀባው ነገር ነው። ለጋ ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ የኮኮናት ዘይት፣ የፀጉር ቅባት፣ ሁሉም ያው ነው። ቅቤው በገላ ሙቀት ይቀልጣል፣ ወደ ግንባር ይወርዳል፣ ሻሹ እዚያው አስሮ ያስቀምጠዋል፣ ሌሊት ደግሞ ትራሱ ያሽላችኋል። የቆዳው ቀዳዳ ይደፈናል። ቅቤ ለፀጉር መጥፎ ነው አላልኩም። ብጉር ለሚወደው ግንባር ግን መጥፎ ነው።

አንዲት ሙሽራ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ሲቀረው መጣች። ግንባሯ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። የእንቁላል ነጭ ቀብታለች፣ በእርድ ታጥናለች፣ ሎሚም ሞክራለች። ሻሿን ፍቺ አልኳት፤ የአደስ ሽታው ክፍሉን ሞላው። እናቷ ለሠርጉ ፀጉሯ እንዲያምር ብለው በየሳምንቱ አደስ የገባበት ቅቤ ያንጠፈጥፉባታል፤ እሷ ደግሞ ፌስታል አድርጋ፣ ላዩ ላይ ሻሽ አስራ ታድራለች። በዚያን ቀን ፊቷን አልነካሁትም፤ ፀጉሯን ብቻ ሁለቴ አጥቤ ሸኘኋት። ለሠርጉ አልደረሰም፤ ይሄ ነገር በሳምንት አይጠፋም። በሁለተኛው ወር ግን ግንባሯን ፎቶ አንስታ ላከችልኝ።

ሌላው አፍሮ ያሳደገ ወጣት ነው። ብጉሩ በቀኝ በኩል ብቻ ይብሳል። «በየትኛው ጎንህ ነው የምትተኛው?» አልኩት። በቀኝ። የትራስ ልብሱን አምጣ ስለው ሳቀ፤ ግን አመጣው። የኮኮናት ዘይቱ ጨርቁ ላይ ቢጫ ክብ ሠርቷል፤ ጨርቁ ደግሞ ከተቀየረ ከወር በላይ ሆኖታል። ለፊቱ በየሳምንቱ ገንዘብ ያወጣል፤ ለትራሱ ሳሙና አላወጣም!

ይሄን ስናገር የሚቆጡ እናቶች አሉ። «እኛ በቅቤ አይደል እንዴ ያደግነው?» ይሉኛል። አዎ እትዬ፣ ለእርስዎ እግዜር ብጉር የሚያወጣ ቆዳ አልሰጠዎትም። ልጅዎን ግን ሰጥቷታል።

መፍትሄው እንዲህ ነው። ቅቤውን መተው ካቃታችሁ ከፀጉር መነሻ ሁለት ጣት ወደኋላ ትታችሁ ቀቡ። ግንባር ላይ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ እሰሩ፤ ፌስታል አይሆንም። ሁለት ሦስት ሰዓት አቆይታችሁ በዚያው ቀን ታጠቡት፤ ይዛችሁት አትደሩ። ስትታጠቡ ጭንቅላታችሁን ወደኋላ አድርጉ፣ ፊታችሁን መጨረሻ ላይ እጠቡ፤ አለበለዚያ ያጠባችሁት ቅባት ግንባር ላይ ይቀራል። ሹሩባ ከተሠራችሁ የሠሪዋ እጅ ግንባራችሁን እንዳይነካ ንገሯት። የትራስ ልብስና ሻሽ በየሦስት አራት ቀኑ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ሻሽ መዋስ ይቅር።

ፊቱ ላይ ደግሞ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ንጹሕ ማር ስስ አድርጋችሁ ለ15 ደቂቃ አቆዩና ታጠቡ። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ሽሮፕ ነው፣ ከዳቦ ጋር ብሉት። እሬቱን ከቅጠሉ ስታወጡ መጀመሪያ ቆርጣችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ ቢጫው መራራ ፈሳሽ ተንጠፍጥፎ ይውጣ። ብዙዎች እሱን ሳያወጡ ቀብተው «እሬት አቃጠለኝ» ይላሉ። ያቃጠላችሁ ቢጫው ነው። የሚፈለገው መሀል ያለው እንደ ውሃ የጠራው ዝልግልግ ነው፤ እሱንም ታጥባችሁ ተጠቀሙ። ከዚያ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ታገሡ። በአምስተኛው ቀን ደውላችሁ «አልጠፋም» አትበሉኝ።

ያበጠና የቀላ ብጉር ካለበት የቲ ትሪ ዘይት (ከአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣ ዘይት) ይረዳል። በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ በ124 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት 5 በመቶ ቲ ትሪን ከተለመደው የብጉር መድኃኒት፣ ከ5 በመቶ ቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር አወዳድሮ ነበር፤ ሁለቱም ብጉሩን ቀንሰዋል፣ ቲ ትሪው ዘገምተኛ ነው፣ ግን ቆዳውን ብዙም አላስቆጣም። 5 በመቶ ማለት በአንድ የሻይ ማንኪያ እሬት ወደ 5 ጠብታ ነው። ጀማሪ በ2 ጠብታ ይጀምር። ሳይበረዝ አይቀባም። አይጠጣም። ዓይን አካባቢ አይደርስም።

ምልክት፦ ብጉሩ ጠፋ፣ በቦታው ጥቁር ምልክት ወጣ

ሎሚ ተቀብታችኋል። አትዋሹኝ። የሎሚ ጭማቂ ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 2 አካባቢ ነው፣ የቆዳችን 5 አካባቢ። በዚያ ላይ ሎሚ ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ የሚያቃጥል ነገር አለ፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፣ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም። ቃጠሎው በዚያው ሰዓት ስለማይታይ ነው ሰው የሚሸወደው፤ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ይወጣል፣ ጥቁረቱ ደግሞ ለወራት ይቆያል። ሌሊት ቀብቼ ጠዋት አጥባለሁ ማለትም አያድንም። ቤኪንግ ሶዳ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እነሱም ፊት ላይ አይወጡም። ነጭ ሽንኩርትማ ከነጭራሹ! ፈጭታ ፕላስተር አስራበት ያደረች ልጅ ጉንጯ ውሃ ቋጥሮ አይቻለሁ።

መፍትሄው ማቆም፣ በፀሐይ መከላከያና በባርኔጣ መሸፈን፣ መጠበቅ ነው። ጥቁሩን በሌላ ሎሚ ለማጥፋት የሚሞክር ሰውም አለ።

ምልክት፦ አንድ ክሬም ስትቀቡ ይጠራል፣ ስትተዉ ብሶ ይመለሳል

ስም በሌለው ብልቃጥ «ከዕፅዋት የተሠራ» ተብሎ የሚሸጠውን አምጡና አሳዩኝ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ነው፣ ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ የቆዳ መድኃኒት። ፊት ያሳሳል፣ የደም ሥር ያወጣል፣ ራሱም ብጉር ያመጣል። የሚቀላቅሉት ሰዎች ለእህታቸው ይቀቡ ይሆን? ረጅም ጊዜ ከተጠቀማችሁ ብቻችሁን በአንድ ጊዜ አታቋርጡት፤ ብልቃጡን ይዛችሁ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ማርና እሬት እዚህ ጋ አይሠሩም።

የቀሩት

ግንባርና ደረት ላይ እኩል እኩል ሆኖ በጣም የሚያሳክክ ከሆነ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ ዘይት ያባብሰዋል፣ ምርመራ ይፈልጋል።

አገጭ ላይ ብቻ ወጥቶ የወር አበባ ከተዛባና ፊት ላይ ፀጉር ካለ የሆርሞን ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከሥር ጠጥሮ የሚያም ትልቅ እብጠት ጠባሳ ሳይተው በፊት ይታከም፤ እንፋሎት አትታጠኑበት።

እርድ ከተቀባችሁ በሰው ትራስ ላይ አትተኙ።