በሰዓት ለምትጫወቱ፦ ተዋጊውን ምረጡ

ደሴ ፒያሳ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈላችሁ ኤልደን ሪንግ የተባለውን የቪዲዮ ጌም ለምትጀምሩ፦ አስማተኛው አያጓጓችሁ፣ ሰዓቱ ድግምት ስትፈልጉ ያልቃል። "ቫጋቦንድ" የሚባለውን ተዋጊ ያዙ። ከመነሻ ገጸ ባሕርያቱ ሁሉ ከፍተኛው ቪገር፣ ማለትም የሕይወት መጠንን የሚወስነው ነጥብ (15)፣ የእሱ ነው፤ በቀላሉ አይሞትም ማለት ነው። አብሮት የሚመጣው የብረት ጋሻም የሰይፍ ምትን ሙሉ በሙሉ ይመክታል፣ ስታሚናችሁን (ለመምታት፣ ለመመከትና ለመሮጥ የምታወጡትን ጉልበት) ብቻ ይበላል። ጭራቁ አፍንጫ ሥር ቆሞ መክቶ መልሶ መምታት! እኔ በበኩሌ ይህንን ከሩቅ እሳት በመወርወር አልለውጠውም።

ታዲያ ትጥቅ አማረኝ ብላችሁ አትደራርቡ። ክብደቱ ከመሸከም አቅማችሁ 70 በመቶ ከደረሰ፣ ከቦሩ ሜዳ ገብስ ጭኖ እንደሚመጣ አህያ ከምት ለማምለጥ መንከባለሉ ይከብዳችኋል። መጀመሪያ የራስ ቁሩን አውልቁ፤ ካልበቃ ደረቱን ቀለል ባለ ቀይሩ። ጋሻውን ግን እንዳትነኩት።