የድሮ ኦርጋንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ ያለው የመድረክ ኪቦርድ አመራረጥ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ኪቦርዲስቶች

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ሠርግ ላይ ብቻውን ሪትም ከፍቶ ከቀትር እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ኪቦርዲስት የሚያስፈልገው ስታይል፣ ማለትም ዝግጁ አጃቢ ሪትም፣ ያለው አሬንጀር ኪቦርድ ነው። እዚህ የምናወራው ስለ ሌላ ዕቃ ነው፦ የድሮ ኦርጋንና የኤሌክትሪክ ፒያኖ ድምፅ አሳምሮ የሚያወጣ፣ ግን የኦሮምኛውንም የሶማሊኛውንም የሐረሪውንም ምት የማይዝላችሁ የመድረክ ኪቦርድ። ድራመርና ቤዝ ጊታር አጠገቡ ይፈልጋል። አሬንጀሩን ሸጦ ይህን የገዛ ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሠርግ ላይ ይቸገራል። ባንድ ውስጥ ለምትጫወቱ፣ ወይም አሬንጀሩ ላይ ሁለተኛ ኪቦርድ ለመደረብ ላሰባችሁ ግን ጥሩ ግዢ ነው።

ድምፁን መለየት

ኦርጋን ሲባል ሁለት ቤተሰብ አለ። አንደኛው ሀሞንድ ነው። ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን በ1954 የመጣው ቢ-3 እስከ ዛሬ መለኪያ ሆኖ ቆይቷል። ውስጡ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ የብረት ጎማዎች፣ በቁጥር 91፣ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ፊት ይሽከረከራሉ፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ነው። ከፊት ያሉት ዘጠኝ መሳቢያዎች፣ ድሮውባር የምንላቸው፣ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 8 ይሳባሉ። ሁለተኛው ቤተሰብ የትራንዚስተር ኦርጋን ነው፤ ቮክስ ኮንቲኔንታልና ፋርፊሳ። ቀጭን፣ ሹል፣ ትንሽ በአፍንጫው የሚዘፍን ዓይነት። የኃይሉ መርጊያን የዋልያስ ባንድ ዘመን ኦርጋን፣ ወይም የድሮ የሶማሊኛ ባንዶችን ጣዕም ፈልጋችሁ ኪቦርድ የምትሞክሩ ከሆነ ሀሞንዱን ብቻ ሰምታችሁ አትወስኑ፤ ትራንዚስተሩንም ክፈቱት። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የኤሌክትሪክ ፒያኖም እንዲሁ ሁለት ነው። ሮድስ ውስጥ መዶሻ ቀጭን የብረት ዘንግ ይመታል፤ በለስላሳ እጅ ደወል ደወል ይላል፣ ሲመቱት ይነክሳል። ዉርሊትዘር የሚመታው የብረት ምላስ ነው፤ 64 ቁልፍ ብቻ ያለው፣ ቶሎ የሚሻክር፣ ከጊታርና ከሳክስፎን መሀል ሰንጥቆ የሚሰማ። ለብቻ ለሚጫወት ትዝታ ሮድስ፣ ባንዱ ሲጮህ ዉርሊትዘር ይሻላል ባይ ነን። ክላቪኔት፣ ክር ያለው የኤሌክትሪክ ኪቦርድ ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል፤ ለእሱ ሲባል ግን ኪቦርድ አይመረጥም።

በነገራችን ላይ፣ በጅቡቲ በኩል እውነተኛ የአሜሪካ ሀሞንድ ይመጣልሃል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ፍሪኩዌንሲውን ጠይቁ። የድሮው ሀሞንድ ሞተር ፍጥነቱን የሚወስደው ከመብራቱ ነው። ለ60 ኸርዝ የተሠራው በእኛ 50 ኸርዝ ሲሠራ ከሦስት ሴሚቶን በላይ ይወርዳል፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ይህን አያስተካክልም። በዚያ ላይ ቢ-3 ከነፔዳሉና ከነወንበሩ 190 ኪሎ ግድም ነው።

እጅን የሚወስነው ቁልፉ ነው

ኦርጋንና ኤሌክትሪክ ፒያኖ ከቁልፍ የሚፈልጉት ተቃራኒ ነገር ነው። ኦርጋን ቀላል፣ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ፣ በመዳፍ ሲጠረግ ጣት የማይቆርጥ ቁልፍ ይፈልጋል። ድምፁም ቁልፉ ገና ትንሽ ሲወርድ መውጣት አለበት። ኤሌክትሪክ ፒያኖ ደግሞ ክብደት ያለው፣ የእጅን ጉልበት በደንብ የሚለይ ቁልፍ ይወዳል። ሁለቱንም እኩል የሚያረካ የለም። ስለዚህ በአንድ ምሽት ከምትጫወቱት ከግማሽ በላይ የቱ እንደሆነ ቁጠሩ። ኦርጋን ከሆነ 61 ወይም 73 ቀላል ቁልፍ፤ ፒያኖ ከሆነ 73 ወይም 88 ባለ ክብደት ቁልፍ።

ክብደቱ የሙዚቃ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ያማሃ ዋይሲ61 ሰባት ኪሎ ግድም ነው፣ ርዝመቱም 90 ሳንቲም አይሞላም፤ ባጃጅ ውስጥ ጭን ላይ ይሄዳል። የዚያው ቤተሰብ ባለ 88ቱ ከ18 ኪሎ በላይ ነው። ጀጎል ውስጥ ሥራ የሚይዝ ሰው ከፈረስ መጋላ ወዲያ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ ተሸክሞት እንደሚሄድ አስቦ ይምረጥ።

በስም ካነሳን፦ ኖርድ ኤሌክትሮ 6ዲ ሀሞንዱንም ቮክሱንም ፋርፊሳውንም ይዟል፤ የሮድስና የዉርሊትዘር ድምፁም የተመሰገነ ነው፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። ያማሃ ዋይሲ61 ድሮውባሮቹ ላይ መብራት ስላለው ጨለማ መድረክ ላይ የት እንደቆመ ይታያል። ሮላንድ ቪአር-09 አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፣ በስምንት ቻርጅ የሚደረጉ ትንንሽ (ኤኤ) ድንጋዮችም ይሠራል፤ ለሚቆራረጥ መብራት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ ፒያኖው ከሁለቱ ያንሳል። ያማሃ ሪፌስ ዋይሲ ትንንሽ 37 ቁልፍ ብቻ ነው ያለው፤ ግን አምስት ዓይነት ኦርጋን፣ የራሱ ስፒከርና በስድስት ድንጋይ የመሥራት አቅም አለው። አሬንጀር ላይ ለሚደርብ ሰው እሱ ይበቃል።

ኦርጋኑን መፈተን

የድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ሱቅ፣ ወይም ከሰው እጅ ስትገዙ፣ በኪቦርዱ ስፒከር ወይም በሱቁ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አትወስኑ። ደህና ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። ኤፌክቱን ሁሉ ዝጉና እንዲህ አድርጉ።

1. የመጀመሪያዎቹን ሦስት ድሮውባሮች እስከ መጨረሻ ሳቡ፣ የቀሩትን ስድስት ዝጉ። ኦርጋኒስቶች ይህን 888000000 ብለው ይጽፉታል። ፐርከሽኑን ክፈቱ፣ ሦስተኛ ሃርሞኒክና ፈጣን ላይ አድርጉት። አንድ ቁልፍ ያዙ፤ ሳትለቁ ሁለተኛ ጨምሩ። «ቲክ» የምትለዋ ምት የመጀመሪያው ላይ ብቻ መሰማት አለባት። በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ ከተደገመች እውነተኛው ሀሞንድ የማያደርገውን እያደረገ ነው፣ ፈጣን ሶሎም ይዝረከረካል።

2. ፐርከሽኑ ክፍት እንዳለ ዘጠነኛውን ድሮውባር ሳቡ። ቢ-3 ላይ ፐርከሽን የሚሠራው የዘጠነኛውን መስመር ወስዶ ስለሆነ ያ ድሮውባር ዝም ማለት አለበት። ዝም ካለ ሠሪዎቹ ዕቃውን አጥንተውታል ማለት ነው።

3. ፐርከሽኑን ዝጉ፤ ዘጠነኛውን ብቻ ሳቡና ባለ 61 ቁልፉን ከታች እስከ ላይ በተራ ተጫወቱ። 44ኛው ቁልፍ ላይ ስትደርሱ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ተመልሶ መውረድ አለበት፤ ጎማዎቹ እዚያ ላይ ስለሚያልቁ ነው። እየቀጠነ ወደ ፉጨት ከሄደ ርካሽ ቅጂ ነው፤ ባንድ መሀል ጆሮ ይወጋል።

4. አሁን የሌስሊውን ኤፌክት ክፈቱ፤ ኮርድ ይዛችሁ ፍጥነቱን ቀይሩ። ሌስሊ ሁለት የሚዞር አካል ያለው ስፒከር ነው፤ ከላይ ቀላል ቀንድ፣ ከታች ከባድ ከበሮ። ቀርፋፋው በደቂቃ 40 ዙር አካባቢ፣ ፈጣኑ 400 አካባቢ ነው። ቀንዱ አንድ ሰከንድ ባልሞላ ጊዜ ሲፈጥን ከበሮው ብዙ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱ እኩል ከፈጠኑ ወይም ፍጥነቱ እንደ መብራት ማብሪያ ቀጭ ብሎ ከተቀየረ፣ ቀሪው ሁሉ ቢያምርም ኦርጋኑ ሕይወት አይኖረውም። ለእኛ ከአራቱ ፈተናዎች ዋናው ይህ ነው።

ኤሌክትሪክ ፒያኖውን መፈተን

አንድ መካከለኛ ቁልፍ ምረጡ። ከእንቅልፍ በማይቀሰቅስ ጉልበት ጀምራችሁ አሥር ጊዜ፣ በየደረጃው እያከበዳችሁ ምቱ። ድምፁ ከደወልነት ወደ ንክሻ ቀስ እያለ መሻገር አለበት። አራተኛው ላይ ለስላሳ ሆኖ አምስተኛው ላይ ድንገት ሌላ መሣሪያ ከመሰለ የሳምፕሎቹ፣ ማለትም ከእውነተኛው መሣሪያ የተቀዱት ድምፆች፣ ንብርብር ጥቂት ነው። ከዚያ ሰስቴይን ረግጣችሁ አንድ ዝቅተኛ ኖት እስኪሞት ጠብቁ፤ ጭራው ላይ «ዋ-ዋ-ዋ» የሚል ድግግሞሽ ካለ ሳምፕሉ አጭር ተቆርጧል። ፔዳሉን ሳትለቁ በሁለት እጅ ኮርድ ደራርቡ፤ የመጀመሪያው ድንገት ከጠፋ ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ ማሰማት የሚችለው የኖት ቁጥር አይበቃም።

ሞኖ ላይ የሚጠፋው ድምፅ

ሱቅ ውስጥ በሄድፎን ያማረው አዳራሽ ውስጥ የሚሞትበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። የአብዛኛው አዳራሽና ድንኳን ሞንታርቦ (ድምፅ ማጉያ) ሞኖ፣ ግራና ቀኝ ሳይለይ፣ ነው የሚሠራው። ሱትኬዝ የተባለው የሮድስ ሞዴል ትሬሞሎ ድምፁን ከግራ ወደ ቀኝ የሚያመላልስ ነው፤ ግራና ቀኝ ሲደመሩ መመላለሱ ይጠፋል፣ ድርቅ ያለ ፒያኖ ይቀራል። የሌስሊውም ዙር ይደበዝዛል፣ አንዳንዱም ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ስለዚህ ስትሞክሩ በግራ ሞኖ ቀዳዳ ብቻ አንድ ኬብል ሰክታችሁ በአንድ ስፒከር ስሙ። ለመድረክ የዉርሊትዘሩን ዓይነት፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ብቻ የሚያደርግ ትሬሞሎ ያለው ፕሮግራም ለብቻ አዘጋጁ።

ፔዳል

ኦርጋን የእጅን ጉልበት አይለይም፤ ድምፅ የሚጨምረውና የሚቀንሰው እግር ነው። ኤክስፕሬሽን ፔዳል ከኪቦርዱ ጋር አብሮ ይታሰብ። የያማሃና የሮላንድ ፔዳሎች የሽቦ አገናኝ ስለሚለያይ አንዱን ሌላው ላይ ሰክታችሁ መጨረሻ ላይ ብቻ ድንገት የሚጮህ ከሆነ ፔዳሉ አልተበላሸም፤ ወይ በሜኑው ዓይነቱን ቀይሩ፣ ወይ የሚስማማውን ግዙ። ሰስቴይኑ ተገልብጦ ስትለቁት የሚይዝ ከሆነ ኪቦርዱን አጥፉ፣ ፔዳሉን ሰኩ፣ ሳትረግጡት አብሩ።

መብራት፣ ሙቀት፣ አቧራ

ኖርድ ኤሌክትሮ 6ዲ ቀጥታ ከሶኬት ነው የሚሠራው። ዋይሲ61ና ቪአር-09 ግን በአዳፕተር ናቸው፤ የአዳፕተሩ ቮልት፣ አምፔርና የጫፉ ፖላሪቲ (የፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቀማመጥ) ከኪቦርዱ ጀርባ ከተጻፈው ጋር አንድ መሆን አለበት። ጫፉ ገባ ማለት ተስማማ ማለት አይደለም። ዋይሲ61 የሚፈልገው 16 ቮልት ነው፤ የላፕቶፕ ቻርጀር 19 አካባቢ ስለሆነ አይሞከርም። ከጃፓን በቀጥታ የመጣ አዳፕተር ላይ 100 ቮልት ብቻ ተጽፎ ካያችሁ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል።

ኪቦርዱ የሚበላው ጥቂት አሥር ዋት ብቻ ስለሆነ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ዘፈኑን ያስጨርሳል። ሞንታርቦውን ግን እዚያው ላይ አትሰኩ። ጄኔሬተር ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩ ይረጋጋ፣ ከዚያ ዲቫይደሩ ይሰካ፣ ኪቦርዱ በመጨረሻ ይብራ።

ድሬ ላይ ኪቦርድን የሚገድለው አቧራው ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ሁለት ጥቁር የካርቦን ነጥብ ያለው ጎማ አለ። ቁልፉ ሲወርድ አንዱ ቀድሞ፣ ሌላው ተከትሎ ሰሌዳውን ይነካል፤ ኪቦርዱ የእጃችሁን ጉልበት የሚያውቀው በሁለቱ መካከል ያለፈውን ጊዜ ለክቶ ነው። አቧራ አንዱ ነጥብ ላይ ሲያርፍ ልኬቱ ይሳሳታል፤ ቁልፉ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ በለስላሳ ነክታችሁት በሙሉ ኃይሉ ይጮሃል። አሮጌ ዕቃ ስትገዙ ሮድሱን ከፍታችሁ ሁሉንም ቁልፍ አንድ በአንድ በለስላሳው ንኩ። አንድ ሁለት የሚጮህ ካለ ዋጋ ለመከራከሪያ ይሆናል፣ ዕቃው ግን ይድናል፦ ጎማው ይነሳል፣ ነጥቦቹና ሰሌዳው በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ክር የማይለቅ ጨርቅ በቀስታ ይጠረጋሉ፣ ይደርቃሉ፣ ጎማው በደንብ ተጭኖ ይመለሳል። ቤንዚንና ዘይት አይነካ። አሥርና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም ተከታታይ ቁልፎች አብረው ከሞቱ፣ ችግሩ ጎማው ሳይሆን ሰሌዳው ሊሆን ስለሚችል ተዉት።

ድሮውባሮቹንም ኮርድ ይዛችሁ አንድ በአንድ በቀስታ ሳቡ፤ ድምፁ ከዘለለ ወይም ከተንኳኳ አቧራ ገብቷል። የኬብል ቀዳዳዎቹን እያወዛወዛችሁ ስሙ። ግንቦትና ሰኔ ላይ «ከዚራ» ሰፈር ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ኪቦርድ አይተው፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ የተለጠፈው ይላቀቃል።

ከባንዱ ጋር የመጀመሪያው ልምምድ ላይ ቤዝ ጊታር ካለ የመጀመሪያውን ድሮውባር ከ8 ወደ 3 ወይም 4 መልሱት፤ ካልተመለሰ ከቤዙ ጋር ይጋፋል፣ ሳውንድ ማኑም የሚቀንሰው እናንተን ነው።