የጣና ዓሣ ፒሲአር ላይ እምቢ ሲል

ዝርያቸውን በዲኤንኤ ለመለየት ከጣና የመጡትን የዓሣ ናሙናዎች በፒሲአር፣ ማለትም የዲኤንኤን ቁራጭ በሚያባዛው ዘዴ፣ ሞከርን፤ ውጤቱ በሚታይበት ጄል ላይ ግን አንድም መስመር አልወጣም። ፕራይመር (የሚባዛውን ቁራጭ ጫፎች የሚይዙትን አጫጭር ዲኤንኤዎች) ቀየርን፣ ሙቀቱን ዝቅ አደረግን፤ ወይ ፍንክች! ጣጣው ያለው ብልቃጡ ውስጥ ነው። ዓሣዎቹ የተቀመጡት በፎርማሊን ነበር። ፎርማሊን መልክ ይጠብቃል፣ ዲኤንኤውን ግን ያበላሸዋል።

ከትኩስ ዓሣ ክንፍ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ቆርጠን ወዲያው 96 በመቶ ኢታኖል ውስጥ ከተትን። በማግስቱ ኢታኖሉን ቀየርን፤ ከሥጋው የሚወጣው ውኃ ያቀጥነዋላ። ከዚያ ዝርያ ለመለየት የሚያገለግለው፣ ሲኦአይ ከተባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን 650 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ያህሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ቆሮሶና አምባዛ ወዲያው ተለዩ። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ላቢዮባርበሶች ግን በዚህ ጂን ብቻ አይለዩም፤ ከአንድ ግንድ የተለያዩት በቅርቡ ነውና። ለእነሱ የአፍና የጭንቅላታቸው ፎቶ ከናሙናው ጋር ይያዝ።