አሚኖችን በሂንስበርግ ሙከራ መለየት

የሂንስበርግ ሙከራ አንድ አሚን (ናይትሮጂን ያለው ኦርጋኒክ ውህድ) ፕራይመሪ፣ ሰከንደሪ ወይም ተርሸሪ መሆኑን፣ ማለትም ናይትሮጂኑ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት የካርቦን ቡድን መያዙን፣ በቤንዚንሰልፎኒል ክሎራይድ ይለያል። ደሴ ላይ በብርድ ጠዋት ላብራቶሪ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የቤንዚንሰልፎኒል ክሎራይዱን ጠርሙስ ይመልከት። 14 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚረጋ ጠጥሮ ሊገኝ ይችላል። ተበላሸ ብሎ መጣል አያስፈልግም፤ ክዳኑ እንደተዘጋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ይቀልጣል። ኮምቦልቻ ወርዶ ለሚሠራ ይህ ብዙም አያሳስብም።

ሥራው ፊውም ሁድ (ትነት የሚስብ ሳጥን) ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር ነው። ሙከራ ቱቦ ውስጥ 0.2 ሚሊ ሊትር አሚን (ጠጣር ከሆነ 0.2 ግራም)፣ 5 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በመጨረሻም 0.4 ሚሊ ሊትር ቤንዚንሰልፎኒል ክሎራይድ ጨምሩ። ቡሽ ገጥማችሁ 5 ደቂቃ ያህል በደንብ ወዝውዙ፤ ስለሚሞቅ በየመሃሉ ቡሹን ከፈት አድርጉ። ከዚያ ሰንፋጩ የክሎራይድ ሽታ እስኪጠፋ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቆዩት። ሲቀዘቅዝ በሊትመስ ፈትሹ፦ ቀዩ ወረቀት ወደ ሰማያዊ ካልተለወጠ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሩ።

ውጤቱ ጥርት ያለ ከሆነ ፕራይመሪ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጠብታ ጨምሩ፤ አሲዳማ ሲሆን ነጭ ዝቃጭ ከወረደ ያኔ ፕራይመሪ ነው። በቤዝ (በሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ) ውስጥ የታየው ዝቃጭ ወይም ዘይት ደግሞ ለብቻው ተወስዶ በቀጭን አሲድ ይፈተን፦ ካልሟሟ ሰከንደሪ፣ ከሟሟ ተርሸሪ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ተርሸሪ አሚን መጀመሪያም ጥርት ብሎ ይታያል፤ የሚለየው አሲድ ሲገባ ምንም ባለመዝቀጡ ነው።

የሚያሳስቱት የታወቁ ናቸው። ሳይጨርስ የቀረ ቤንዚንሰልፎኒል ክሎራይድ ከታች በዘይት መልክ ተኝቶ ሰከንደሪ ይመስላል፤ ለዚህ ነው ሽታው እስኪጠፋ መጠበቅ የሚያስፈልገው። ይህን ክሎራይድ ማብዛትም ፕራይመሪ አሚን ሁለት የሰልፎኒል ቡድን እንዲይዝ ያደርገዋል፤ ያ ደግሞ ቤዝ ውስጥ አይሟሟም። እንደ ሳይክሎሄክሲልአሚን ያሉት የሚሰጡት የሶዲየም ጨውም በወፍራም ቤዝ ውስጥ ሊዘቅጥ ስለሚችል ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማየት ይበጃል። ዳይሜቲልአኒሊን ከመጠን በላይ ከሞቀ ሐምራዊ ቀለም ያወጣል፤ ያ ምልክት አይደለም፣ የጎን ውጤት ነው።

ፕራይመሪ መሆኑ ከታወቀ በኋላ አሮማቲክ (ናይትሮጂኑ በቀጥታ ከቤንዚን ቀለበት ጋር የተያያዘ) ነው ወይስ አሊፋቲክ (ያልተያያዘ) የሚለውን ናይትረስ አሲድ ይመልሳል። 0.2 ሚሊ ሊትር አሚን በ1 ሚሊ ሊትር ወፍራም ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በ3 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ አቀዝቅዙ። በኮምቦልቻ ሙቀት በረዶ ብቻውን ቶሎ ስለሚቀልጥ ለሦስት እጅ በረዶ አንድ እጅ ጨው ቀላቅሉ። የቀዘቀዘ የሶዲየም ናይትራይት ሟሙት (0.2 ግራም በ1 ሚሊ ሊትር ውሃ) በጠብታ ሲገባ፣ ወዲያው አረፋ የሚያወጣው አሊፋቲክ ነው። ጥርት ብሎ ቆይቶ ቤዝ ውስጥ ከሟሟ ቤታ ናፍቶል ጋር ብርቱካናማ ቀይ ቀለም የሚሰጠው አሮማቲክ ነው። አሮማቲኩ የሚፈጥረው የዳያዞኒየም ጨው ሲደርቅ ሊፈነዳ ስለሚችል ቱቦው ሳይታጠብ አይደር። ሰከንደሪ አሚንን በዚህ መንገድ አትሞክሩ፦ የሚወጣው ቢጫ ዘይት ናይትሮስአሚን፣ ካንሰር አምጪ ነው።