የአባዬ ፌስታል፦ አሜሪካ ውስጥ ያረፈ ወላጅ የታክስና የፍርድ ቤት ወረቀት እንዴት ይወጣል?

አባዬ ያረፈው ሜሪላንድ ነው። አርባው ካለፈ በኋላ አልጋው ሥር ያስቀመጠውን ፌስታል አወጣሁ። የመብራት ቢል፣ ፓርኪንግ ይሠራ የነበረ ጊዜ የተሰጡት የደሞዝ ወረቀቶች፣ ያልተከፈቱ ፖስታዎች። የታክስ ወረቀት ግን የሁለት ዓመት ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። አባዬ ሆስፒታል ሳለ ውክልና ሰጥቶኝ ነበር። እሱን ተማምኜ የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት፣ አይ አር ኤስ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴትዮ ረጋ ብላ አስረዳችኝ፤ ውክልና ወካዩ ሲሞት አብሮ ያበቃል። ልጅ መሆንም ብቻውን አይበቃም። ከሞት በኋላ በእሱ ስም የሚናገረው በአብዛኛው ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ነው። ስለዚህ ከስልኩ በፊት ወረቀቱን ያዙ።

የመጀመሪያው ወረቀት የሞት ሰርተፊኬት ነው። ፎቶ ኮፒ ሳይሆን ማኅተም ያለበት ሰርቲፋይድ ኮፒ። ቀብሩን የሚያስፈጽመው ፊውነራል ሆም ያዝዝላችኋል። እኔ ሦስት አዝዤ አለቀብኝ፤ አሥር ቢሆን ይሻላል። ከመታተሙ በፊት ግን ስሙን አንብቡ። እኛ ለቅሶ ላይ ሆነን ወንድሜ በስልክ ፊደል በፊደል ነገራቸው፣ እሱ በለመደው አጻጻፍ። ሰርተፊኬቱ ላይ የአባዬ ስም በሁለት ኤስ ወጣ። የዜግነት ወረቀቱና የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ላይ በአንድ ኤስ ነው። ያቺ አንዲት ፊደል ሁለት ወር በላችብኝ።

የእኛ ሰው ችግር እዚህ ላይ ነው። የእኔ የመጨረሻ ስም የአባዬ ስም ነው፤ የአባዬ የመጨረሻ ስም ደግሞ የአያቴ። የፈረንጅ ጸሐፊ ሁለታችንን ጎን ለጎን ሲያየን ዘመድም አንመስለው። የልደት ቀኑም እንደ ብዙዎቹ በስደተኝነት እንደመጡት ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተሞልቷል። ይህን ሁሉ አንድ ቦታ፣ ፍርድ ቤት ላይ ጨርሱት።

ሜሪላንድ ውስጥ የምትሄዱት ሟቹ ይኖርበት የነበረው ካውንቲ ሬጅስተር ኦፍ ዊልስ (የኑዛዜ መዝጋቢ) ቢሮ ነው። ኑዛዜ ካለ ኦሪጂናሉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባይኖርም ይከፈታል። ፍርድ ቤቱ ኦርፋንስ ኮርት ይባላል፣ የወላጅ አልባዎች ፍርድ ቤት እንደማለት። እማዬ ቀድማ ስለሞተች፣ በ41 ዓመቴ ስሙን በሩ ላይ ሳነብ ሆዴ ባባ። ማመልከቻው ላይ ሟቹ የሚታወቅባቸውን ስሞች በሙሉ ጻፉ፤ እነሱ "ኤ ኬ ኤ" የሚሉት ነው። እኔ ሁለቱንም አጻጻፍ አስገባሁ፣ የእኔን የልደት ሰርተፊኬትም ከነትርጉሙ አያያዝኩ። ሲጸድቅ "ሌተርስ ኦፍ አድሚኒስትሬሽን" የሚባል የሹመት ደብዳቤ ይሰጣችኋል፤ ማዕረጋችሁም ፐርሰናል ሬፕረዘንታቲቭ፣ የሟቹ ሕጋዊ ተወካይ ይሆናል። ከዚህም ብዙ ኮፒ ውሰዱ፤ ባንክ ቀኑ የቆየ ደብዳቤ አልቀበልም ሊል ይችላል። ሌላ ስቴት ከሆናችሁ የቢሮው ስም ይለያያል፤ ፕሮቤት (የሟች ኑዛዜና ንብረት ጉዳይ) ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ታክሱ። ከአይ አር ኤስ በፊት ታክሱን ይሠራለት የነበረውን ሰው ፈልጉ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች የሠሩትን ታክስ ኮፒ ወይም የደንበኞቹን ዝርዝር ለ3 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለባቸው። የአባዬ ሰውዬ በአንድ ቀን የሦስት ዓመቱን ሰጠኝ።

ለቀረው ፎርም 4506-ቲ አለ። በእሱ የሚጠየቀው ትራንስክሪፕት ይባላል፤ የታክሱ ማጠቃለያ ነው፣ በነጻ ይላካል። ሙሉውን ታክስ ራሱን ከፈለጋችሁ ፎርም 4506 ነው፤ ለአንድ ዓመት 30 ዶላር ያስከፍላል፣ እስከ 75 ቀንም ሊወስድ ይችላል። ለአብዛኛው ጉዳይ ትራንስክሪፕቱ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ከፎርሙ ጋር የሞት ሰርተፊኬቱን ኮፒና የፍርድ ቤቱን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ። ፍርድ ቤት የሚያስኬድ ነገር ከሌለና የሾመው ሰው ከሌለ፣ በሟቹ ምትክ መቆማችሁን የሚያሳውቀውን ፎርም 56 ሞልታችሁ ታያይዛላችሁ። ስሙን ግን የመጨረሻው ታክስ ላይ እንዳለው ጻፉት።

የእኔ የመጀመሪያ ፎርም ተመልሶ መጣ። ጥፋቱ የእኔው ነው፤ ከፊርማው በላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ራይት አላደረግኩም። "ለመፈረም ሥልጣን አለኝ" የምትለዋ ነች። ፈርማችሁ ደግሞ አታስቀምጡት፤ በ120 ቀን ውስጥ ካልደረሳቸው አይቀበሉትም።

የ4506-ቲው መስመር 8 ላይ ያለችውን ምርጫ እንዳትዘሉ። በአባዬ ስም የተላኩትን ደብልዩ ቱዎችና ቴን ናይንቲ ናይኖች፣ ማለትም የደሞዝና የሌላ ገቢ መግለጫዎችን ታወጣለች። እኛ በዚህ ነው አንድ የማናውቀው ባንክ ወለድ እንደከፈለው ያወቅነው። ቁጠባ ነበረው። ለማናችንም አልነገረንም፣ ያው አባዬ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ታክስም መሠራት አለበት። ቀኑ እንደማንኛውም ሰው ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ኤፕሪል 15። ተመላሽ ገንዘብ ካለና ፍርድ ቤት የሾመው ሰው ከሌለ፣ የትዳር ጓደኛም በጋራ ካልሞላ፣ የሟችን ተመላሽ መጠየቂያው ፎርም 1310 ይጨመራል።

ቤት ካለው፣ የሜሪላንድ የቤት ስም ወረቀቶች ኦንላይን በነጻ ይታያሉ፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው።

አንድ ሌላ ፋይል አለ፣ ማንም ያልነገረኝ። የስደተኝነትና የዜግነት ፋይሉን የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ዩ ኤስ ሲ አይ ኤስ ዘንድ በኦንላይን መጠየቅ ይቻላል። ሟች ስለሆነ የእሱ ፈቃድ አይጠየቅም፤ የሞት ሰርተፊኬቱን መስቀል ነው። የአባዬ መጣልኝ። ካርቱም የተነሳው ጉርድ ፎቶ አለበት፣ ጸጉሩ ሙሉ ነው። ስሙን በእንግሊዝኛ የሞላለት ሌላ ሰው ነው፣ በአንድ ኤስ። ከታች አባዬ በአማርኛ ፈርሟል።