ፎቶው ሥዕል አልመስል ሲል፦ ችግሮችና መፍትሄዎች

አንድ ፊልተር ብቻ ተጭኖ የሚወጣ ምስል ብዙ ጊዜ ሥዕል አይመስልም፤ የደበዘዘ ፎቶ ነው የሚመስለው። ፊልተሩ ጉንጭና ግድግዳ፣ ሹሩባና ነጠላ ለይቶ አያውቅም፣ ሁሉንም እኩል ይጠርገዋል። መለየት የእናንተ ሥራ ነው፤ ከታች ያሉት ችግሮችም አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ሥራ ሲዘለል ነው። የምጠቅሳቸው ስሞች የፎቶሾፕ ናቸው። ፎቶሾፕ የሌለው በነጻ የሚገኘውን ክሪታ የተባለ የመሳያ ፕሮግራም ይጫን፣ ብሩሾቹ ለዚህ ሥራ ይበቃሉ።

ኦይል ፔይንት (ፎቶን የቅባት ቀለም ሥዕል የሚያስመስለው ፊልተር) ደብዝዞ አልመረጥ ይላል

ምስሉ ሲኤምዋይኬ (የኅትመት ቀለም ዓይነት) ከሆነ ወደ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም ዓይነት) ቀይሩት። አርጂቢ ሆኖም እምቢ ካለ ፕሪፈረንስ ውስጥ ፐርፎርማንስ የሚለው ጋ ገብታችሁ የግራፊክስ ፕሮሰሰሩ መብራቱን እዩ። የግራፊክስ ካርዱ አርጅቶ ከሆነ በሚክሰር ብራሽ (ቀለም በሚያዋህደው ብሩሽ) ሥሩ።

ሲቀርቡት ካሬ ካሬ ይታያል

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ተልኮ ተጨምቋል። «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በሉ። ለ30 በ40 ሴንቲሜትር ኅትመት በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ በሚገቡ ነጥቦች) 3543 በ4724 ፒክስል ያስፈልጋል፤ ሸራ ላይ 150 ዲፒአይም ያስኬዳል። ቤተሰቡ ያለው የሟች አባት ጉርድ ፎቶ ብቻ ከሆነ በስልክ አይነሳ፣ ስካን ይደረግ፦ 3 በ4 ሴንቲሜትር የሆነው በ1200 ዲፒአይ 1417 በ1890 ፒክስል ይወጣዋል። ያልታየውን ዓይን ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። ሌላ ፎቶ ጠይቁ፤ ልጆቹ የአባታቸውን ዓይን ያውቁታል።

ፊቱ ፕላስቲክ መስሏል፣ የቀሚሱ ጥለት ፈስሷል

መንስኤው ለሁሉም አንድ የብሩሽ መጠን መጠቀም ነው። ሌየሩን (የምስሉን ንብርብር) ሁለት ኮፒ አድርጉና ሁለቱንም ወደ ስማርት ኦብጀክት (ፊልተሩን በኋላ መቀየር ወደሚያስችል ሌየር) ቀይሩ። ለታችኛው ኦይል ፔይንትን ስኬሉን (የጭረቱን ውፍረት) ከፍ አድርጋችሁ ስጡት፤ ይህ ለጀርባውና ለሰፊው ልብስ ነው። ለላይኛው ስኬሉን ከ1 በታች አድርጉ፣ ከዚያም በማስክ (የሌየሩን ክፍል በሚሸፍነው መሣሪያ) ፊቱንና እጁን ብቻ አስቀሩ። ላይቲንግ የሚለውን አጥፉት፤ ቆዳው ላይ ቅባት የፈሰሰ የሚያስመስለው እሱ ነው።

ቀጥሎ ባዶ ሌየር ክፈቱና ሚክሰር ብራሽ ያዙ። ሳምፕል ኦል ሌየርስ (ከሥር ካሉት ሌየሮችም ቀለም የሚወስደው) ይብራ፣ ዌት (የቀለሙ እርጥበት) 30 አካባቢ ይሁን፣ ብሩሹም ከእያንዳንዱ ጭረት በኋላ እንዲጸዳ አድርጉ፤ ካልጸዳ ቀለሙ ጭቃ ይሆናል። ጭረቱ ቅርጹን ይከተል፦ ግንባር ላይ አግድም፣ አፍንጫ ላይ ቁልቁል፣ ሹሩባ ላይ ጉንጉኑ በሄደበት። የአፍንጫውን ጠርዝ አልፋችሁ ወደ ጉንጭ አትጎትቱ። ጥለቱን በተመለከተ ከዋናው ፎቶ መልሱትና በትንሽ ብሩሽ ቀለም በቀለም ጠብ ጠብ አድርጉበት። እያንዳንዱን ክር መሳል አያስፈልግም፤ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚያይ ሰው ዓይን ራሱ ይሞላዋል።

የጠይም ፊት አመድ መስሏል

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ መልክ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነውና። ፊቱን ለማብራት ብለን ሻዶውስን (የጥላ ማብሪያውን) ስንጎትት ጥላው ይነጣል እንጂ ሙቀት አያገኝም። መጀመሪያ ሻዶውስን መልሱ። ከዚያ የአዲስ ሌየርን ብሌንድ ሞድ (ከሥሩ ካለው ጋር የሚዋሃድበትን መንገድ) ከለር አድርጋችሁ፣ ቀላ ያለ ቡኒ በ15 ወይም በ20 በመቶ ኦፓሲቲ (የቀለም ድፍንነት) በጉንጩና በአንገቱ ጥላ ላይ ቀቡ። ጥላን በጥቁር አታጥቁሩ፤ ከዚያው ፊት ላይ ጠቆር ያለውን ቡኒ በአይድሮፐር (በቀለም መምረጫው) ውሰዱ። ግንባርና አፍንጫ ላይ ያለውን ብርሃን አትንኩት፣ ጠይም ቆዳ የሚያበራው በእሱ ነው።

ታትሞ ሲመጣ ጨልሟል

ስክሪናችሁ ከልክ በላይ ደምቆ ነበር። ብርሃኑን ቀንሱና እንደገና አስተካክሉ፤ ከዚያ ሙሉውን ከማሳተማችሁ በፊት ፊቱን ብቻ ቆርጣችሁ በዚያው ሸራ ላይ በትንሹ አስወጡና በቀን ብርሃን እዩት።