ቡችላውን አትወርውሩት! የአደን ውሻ ውሃ ስናስለምድ የምንሰራቸው ስህተቶች

"ላብራዶር ነው እኮ፣ ዋና በደሙ ነው።" ይቺን ንግግር በሰማሁ ቁጥር የኔ ደም ይፈላል። ከሷ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቀው ነው። ሰውየው ቡችላውን ታቅፎ ጀልባ የሚታሰርበት እንጨት ላይ ይወጣና ዝም ብሎ ይለቀዋል፣ ጓደኞቹ ደሞ ስልክ አውጥተው ይቀርጻሉ። አራት ኪሎና ካዛንቺስ አካባቢ ውሻ የሚያሳድጉ ልጆች እኔ ጋ የሚያመጡት አብዛኛውን ጊዜ ይሄ የደረሰበትን ነው። "ጋሼ ውሃ ይፈራል፣ ምን ይሻለዋል?" ይላሉ። ማን አስፈራው ስላቸው መሬት መሬት ያያሉ።

ውሻ ውሃ ውስጥ ሲወድቅ እግሩን ማንቀሳቀሱ ተፈጥሮ ነው፣ አልክድም። ግን እግሩን ስላንቀሳቀሰ ዋኘ አይባልም፣ ዋኘ ማለትም ውሃ ወደደ ማለት አይደለም። የተወረወረ ቡችላን ቀረብ ብላችሁ እዩት እስቲ፣ መጀመሪያ ጭራሽ ይሰወራል፣ ሲወጣ በአፍንጫው የገባውን ውሃ ያስነጥሳል፣ ከዛ የፊት እግሮቹን ከውሃው በላይ እያወጣ ጠፍ ጠፍ ያረጋል፣ ወገቡና የኋላ እግሮቹ ግን ወደታች ተንጠልጥለዋል። እንደዛ ቀጥ ብሎ ወደፊት መሄድ አይችልም፣ የዓይኑ ነጭ ይወጣል፣ ይደክማል። ባለቤቱ ዳር ላይ ቆሞ "እየዋኘ ነው! እየዋኘ ነው!" ይላል። ወንድሜ እየሰመጠ ነው!

አንዲት ቡናማ ፖይንተር (የአደን ውሻ ዘር ናት) አስታውሳለሁ፣ ከድንጋይ ግንብ ላይ ነው የለቀቋት። ተመልሳ ግንቡ ጋ ደረሰች፣ ግን መውጫ የለውም፣ ጥፍሯ አረንጓዴ ሽበት የያዘው ድንጋይ ላይ እየተንሸራተተ ትወድቃለች፣ ትይዛለች፣ ትወድቃለች። በመጨረሻ ባለቤቱ ጂንሱን እንደለበሰ ዘሎ ገባ፣ ስልኩም ኪሱ ውስጥ እንዳለ (ለስልኩ አላዘንኩም)። ውሻዋ ከዛ በኋላ የታጠበ ሲሚንቶ ላይ እንኳን አትረግጥም ነበር፣ ግቢው እስኪደርቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። እሷን መልሶ ውሃ ውስጥ ለማስገባት የወሰደውን ጊዜ ቢያስቡት ኖሮ ማንም አይወረውራትም።

ይሄ ስህተት ቢሾፍቱ ላይ የሚብሰው በሐይቆቹ አፈጣጠር ነው። ሆራ በሉት፣ ባቦጋያ በሉት፣ ራሱ ቢሾፍቱ ሐይቅ፣ እሳተ ገሞራ የቦረቦራቸው ጉድጓዶች ናቸው፣ ዳራቸው ቁልቁል ነው። ቢሾፍቱ ሐይቅማ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ትንሽ እንደገባችሁ እግራችሁ መሬት ያጣል፣ የቡችላ እግርማ ወዲያው ነው የሚያጣው። ቡችላ ደሞ የሚማረው ውሃው መጀመሪያ መዳፉን፣ ከዛ ጉልበቱን፣ ከዛ ሆዱን እየነካው፣ መሬቱን መቼ እንደሚለቅ ራሱ እየወሰነ ነው። ስለዚ እዛ ስትሄዱ ውሃው አማረ አላማረ ሳይሆን ዳሩ ለጥ ያለ መሆኑን ነው ማየት ያለባችሁ። ሱሪያችሁን ሰብስባችሁ ቀድማችሁ እናንተ ግቡ፣ ጉልበታችሁ ጋ ሳይደርስ ከአስር እርምጃ በላይ ከሄዳችሁ ጥሩ ነው፣ ካልሆነ ቦታ ቀይሩ። መንገዱ የማይርቅባችሁ ሰዎች ላንጋኖ ይሻላል፣ ውሃው ቡናማ ስለሆነ ባያምርም ዳሩ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው፣ ሞቅም ይላል።

ቡችላው መሬት ሲለቅ ቀጥ ብሎ ከቆመ እጃችሁን ከሆዱ ስር ከወገቡ በታች አግቡና የኋላውን ቀና አርጉለት። ጀርባው ከውሃው ጋር እኩል ሲሆን ወዲያው የፊት እግሩን መጠፍጠፍ ይተውና ከስር መቅዘፍ ይጀምራል፣ ያቺን ቅጽበት ስታዩ ይገባችኋል። እጅጌው ረጅም የሆነ ሸሚዝ ልበሱ፣ ይቧጭራችኋል። ላይፍ ጃኬት ያለው ሰው ጀርባው ላይ እጀታ ያለውን ይጠቀም፣ ማፈሪያ አይደለም።

እሺ፣ ሁለተኛው ስህተት ሐይቅም አያስፈልገውም፣ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ነው የሚሰራው። አዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ እና ቅዳሜ ጠዋት ውሃ ሲመጣ ሁሉ ነገር አንዴ ይታጠባል፣ ምንጣፉ፣ መኪናው፣ ከዛ ውሻው። ከበርሜል በተቀዳ በረዶ በሆነ ውሃ፣ በኦሞ፣ አንዱ አንገቱን ይዞ ሌላው በጆግ ጭንቅላቱ ላይ እየደፋበት። ቡችላው ከውሃ ጋር የተዋወቀው እንደዚህ ከሆነ ላንጋኖ ሄዶ ደስ ይለዋል ብላችሁ ነው? ይልቅ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሁለት ጣት ያህል አርጉና ትንሽ ቁርጥራጭ ስጋ ጣሉበት፣ ዞር በሉ፣ ራሱ ገብቶ ይልቀም። በማግስቱ ውሃውን ትንሽ ጨምሩ። ኮንዶሚኒየም ያላችሁም ሻወር ቤት ውስጥ ይሄንኑ ማድረግ ትችላላችሁ። ሳፋው ውስጥ ካስቀመጣችሁት ግን ዋጋ የለውም፣ ራሱ መግባት አለበት።

"ቀበና ቅርብ ነው" የሚል ሰው አለ። በፍጹም! ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንትይቀጡም ከላይ ሰፈሩ ፍሳሹን የሚለቅባቸው ወንዞች ናቸው፣ ዳሩ ላይ አበባ ስለተተከለና ወንበር ስለተቀመጠ ውሃው ጸዳ ማለት አይደለም። አይጥ ሽንቷን የለቀቀችበት ውሃ ሌፕቶ የሚባለውን በሽታ ይይዛል፣ ኩላሊትና ጉበት ነው የሚያጠቃው፣ ከውሻው ወደ እናንተም ይሻገራል። የእንስሳት ሐኪማችሁን ክትባቱ ውስጥ ሌፕቶ አለበት ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ የቡችላነት ክትባቱ ሳያልቅ ደሞ ሌላ ውሾች የሚረግጡት ዳር አትውሰዱት፣ ፓርቮ የሚባል ቡችላን በተቅማጥ የሚገል ተላላፊ በሽታ አለ። ለገዳዲና ገፈርሳን እንዳትነኩ፣ እሱ ሁላችንም የምንጠጣው ውሃ ነው። ቆቃ ጉማሬም አዞም አለ፣ እሱ ቢቀር እንኳን ውሃው ላይ አረንጓዴ ቀለም የተደፋ የሚመስል አልጌ ይወጣበታል፣ እንደዛ ያለ ውሃ ውሻን በሰዓታት ውስጥ ሊገል ይችላል። ይዋኝበታል ብቻ አይደለም፣ ወጥቶ ጸጉሩን ሲልስም መርዙ ሆዱ ይገባል። የትም ቦታ ውሃው አረንጓዴ ወፍራም ነገር ከያዘ ተመለሱ።

አልቅትን ግን ማንም አያነሳውም፣ ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ገጠር ያደገ ሰው ከብት አፍና አፍንጫ ውስጥ አይቶታል፣ የከተማ ልጅ ግን ውሻውን ጫካ ውስጥ ካለ ምንጭ ወይ ረግረግ አጠጥቶ ይመጣና ከቀናት በኋላ "ባንዱ አፍንጫው ደም ይወጣዋል፣ የሆነ ነገር መቶት ነው" ይላል። ደም ባንድ በኩል፣ ማስነጠስ፣ አፍንጫውን በእግሩ መጎርጎር፣ ውሃ ውስጥ ከነበረ በኋላ ይሄ ከታየ አልቅትን ጠርጥሩ። በጉጠት ገብታችሁ አትጎትቱ፣ ይበጠሳል፣ ደሙም አይቆምም። ሐኪም ጋ ውሰዱት። ሐኪሙ የሚጠቀምበት አንዱ ዘዴ ደስ ይላል፣ ውሻው ትንሽ ሰዓት ውሃ ሳይጠጣ ይቆይና ንጹህ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን አፍንጫው ስር ይደረግለታል፣ አልቅቷ ውሃውን ስታገኝ ጥቁር አንገቷን ከቀዳዳው ብቅ ታረጋለች፣ ያኔ ቀልጠፍ ብሎ በጨርቅ መያዝ ነው። ትዕግስት ይጠይቃል፣ ተመልሳ ትገባለች።

ብርድ። ሐምሌና ነሐሴ አዲስ አበባ ዙሪያ ማንንም አታስዋኙ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። እናንተ ባዶ እግራችሁን ገብታችሁ መቆም ካቃታችሁ ቡችላውም አይችልም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ብዙ የዋኘ ውሻ በማግስቱ ጭራው ከስሩ ትንሽ ወጣ ይልና ከዛ ዝም ብሎ ይንጠለጠላል፣ መቀመጥም ያመዋል። ሰው ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል፣ ጡንቻው ነው የተጎዳው፣ ባብዛኛው በእረፍት በቀናት ውስጥ ይመለሳል። እናንተ የምትውጡትን የህመም ማስታገሻ ግን እንዳትሰጡት፣ ውሻ ላይ መርዝ የሚሆን አለ።

ድንጋይ ወርውራችሁ "አምጣ!" አትበሉት። ይሰምጣል፣ ያጣዋል፣ ደጋግሞ ያጣ ውሻ ደሞ ቀጥሎ የጣላችሁትንም አያምንም፣ ሌላው ድንጋዩን ጠልቆ እየነከሰ ጥርሱን ይሰብራል። ዳሚ (ለማስለመጃ የሚወረወር ተንሳፋፊ እቃ) ከሌላችሁ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን አጥብቃችሁ በአሮጌ ካልሲ አልብሱት፣ ካልሲው ግዴታ ነው፣ ባዶ ፕላስቲክ ቀጭ ቀጭ ስለሚል ማኘክ ይለምዳል፣ ነገ ዳክዬ ሲያመጣ አድቅቆ ነው የሚያመጣላችሁ። መጀመሪያ ደሞ ክንዳችሁ የሚደርስበት ቦታ ጣሉት፣ እሩቅ መወርወር የናንተ ጉልበት ማሳያ አይደለም። ጥርስ በሚቀይርበት ጊዜ ድዱ ስለሚያመው አምጣ አምጣ አትበሉት፣ በባዶ አፉ ይዋኝ።

ሰንሰለትና የሚጠብቅ ማሰሪያ ውሃ ከመግባቱ በፊት ይውለቅ፣ ስር ባለ ግንድ ላይ ይያዛል።

አጃቢ። እሁድ ቀን ሐይቅ ዳር ውሻ ይዞ መምጣት ማለት የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ከበባችሁ ማለት ነው፣ ግማሹ ይጮሃል፣ ግማሹ ውሃ ይረጫል፣ አንዱ ጠጠር ይወረውራል። ልጆቹ ላይ አትቆጡ፣ ከነሱ መሃል ትልቁን ጠርታችሁ "አንተ ጠባቂ ነህ፣ ማንም እንዳይጠጋ" በሉት፣ ከናንተ በላይ ያስከብራል። ከተቻለ ግን በጠዋት ሂዱ፣ በአዘቦት ቀን። እናንተም "ና! ና! ና! ጎበዝ! ና!" እያላችሁ እንደ ወያላ አትጩሁበት፣ ዝም ብላችሁ ወደ ውስጥ ሂዱ፣ ይከተላል። ውሃ የሚወድ ትልቅ ውሻ አብሮ ካለ ግማሹ ስራ አለቀ፣ ብቻ ዳሚውን ሁሌ ትልቁ የሚቀማው ከሆነ ቡችላው ተስፋ ስለሚቆርጥ ተራ አስይዟቸው።

ሌላው፣ ደስ ስላለው ብቻ ሲወረውሩለት መዋል ነው። አፉን ከፍቶ ዳሚ ይዞ በተመላለሰ ቁጥር ውሃ ይውጣል፣ ሲበዛ ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ይቀጥናል። ሆዱ ከተነፋ፣ ካስታወከ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ፣ እንደሰከረ ከተንገዳገደ ተኝቶ ይለፍለት አይባልም፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ነው፣ ይገላል። ለቡችላ ጥቂት ውርወራ፣ ከዛ እረፍት፣ ከዛ ገና እየፈለገ እያለ ማቆም።

ዳር ደርሶ ዳሚውን ጥሎ ሰውነቱን ሲያራግፍ ደሞ ይገረፋል፣ አይቻለሁ። ምን አጠፋ? ማራገፍ አለበት። እናንተ ውሃው ጠርዝ ላይ ወርዳችሁ ሳያራግፍ ተቀበሉት፣ ከዛ በየጊዜው አንድ እርምጃ ወደኋላ እያላችሁ ትለማመዳላችሁ። ወደ ቤት ስትመለሱ የተንጠለጠለ ጆሮ ያለው ሁሉ ጆሮው ውስጡ በጥጥ ይድረቅ፣ ሳይደርቅ ከዋለ ይሸታል፣ ያመረቅዛል።

ጥይት የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያ ውሃና የመጀመሪያ የጥይት ድምጽ ባንድ ቀን ከተገናኙ ሁለቱንም ይጠላል፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ጨዋታ እስኪሆንለት ድምጹን በየብስ፣ ከሩቅ ለብቻው አስለምዱት። አደን ያለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለስልጣን ፈቃድ እንደማይቻል የምታውቁ ይመስለኛል። ፈቃድ ኖሯችሁም ቢሆን ክረምት ላይ ሱሉልታ ሜዳ ውሃ ሲይዝ ቡችላ ፈታችሁ አትልቀቁ፣ ክንፏ ላይ ሰማያዊ ያለባት ዝይ ከኛ አገር ውጪ የትም የለችም፣ ቁጥሯም እየቀነሰ ነው። እሷን ማባረር የለመደ ውሻ ደሞ ሲጠሩት አይሰማም።